አባቴን ያሳደግኩበት መጽሐፍ

አባቴን ያሳደግኩት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። የፈጀብኝ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ፊቼ በዓል ዋዜማ ሲሆን የተጠቀምኩትም አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር። እሱንም በሙሉ አልተጠቀምኩበትም፤ ያልወደድኩትን ገጽ እየዘለልኩ ነው። ቢሆንም ጥሩ አባት ወጣው። ቢያንስ ለብዙ ዓመታት የማምነው እንደዚያ ነበር።

መጽሐፉ መጽሐፍ ለመባልም አይበቃም። በስቴፕለር የተያዘ ፎቶ ኮፒ ነው። ሽፋኑ ላይ አንድ አባትና አንድ ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የሣላቸው ሰው እጅ መሣል የሚያስቸግረው መሆን አለበት፣ የሁለቱንም እጅ ኪሳቸው ውስጥ ከቶታል። ከላይ «ልጅዎ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ስምንት፤ ለወላጆች የተዘጋጀ አጋዥ ንባብ» ይላል። ያዘጋጁት የትምህርት ቤታችን አማካሪ ጋሽ ገብረየስ ናቸው። የወላጆች ስብሰባ ቀን ለመጣው ሁሉ አደሉት። አብዛኛው ወላጅ ፀሐይ ተከለለበት። አባዬ ግን ዘይት እንዳይነካው ሸሚዙ ውስጥ ከቶ ቤት ድረስ ይዞት መጣ።

አባዬ ጎሚስታ ነው። ከሐዋሳ መናኸሪያ ጀርባ፣ የጭነት መኪኖች ተራ በሚጠብቁበት በኩል፣ አንድ ኮምፕሬሰር፣ ከለመዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ነክሮ ቀዳዳ የሚፈልግበት ለሁለት የተቆረጠ በርሜልና የአሮጌ ጎማ ቁልል አለው። ሰው ሁሉ ኩማ ጎሚስታ ይለዋል። መጽሐፍ ቅዱሱንና መዝሙሩን በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ በላቲኑ ፊደል፣ አሳምሮ ያነባል፤ ቤተ ክርስቲያን ነው የተማረው። ከአማርኛው ፊደል ጋር ግን አልተዋወቁም። የአማርኛ ወረቀት ሲመጣ የሚያነብለት ታላቅ ወንድሜ አልአዛር ነበር። አልአዛር ከሄደ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። እማዬ ደግሞ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስለምትሠራ ደክሟት ነው የምትገባው። እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ።

«ክብሩ፣ እስቲ ይቺን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አንብብልኝ» አለኝ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎማ ላይ አስቀምጦ።

ከፈትኩት። ውድ ወላጅ ሆይ ብሎ ይጀምራል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ቁመቱ በድንገት ይጨምራል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ያኮርፋል ይላል። ደነገጥኩ። ስለ እኔ መጽሐፍ መጻፉን ማን ነገረኝ? ጋሽ ገብረየስ በሰልፍ ሰዓት ከመነጽራቸው በላይ ሲያዩኝ የነበረው ለካስ ለዚህ ነው። ቀጥሎ «በዚህ ዕድሜ መዋሸት ሊጀምር ይችላል» የሚል አገኘሁ። እሷን ዘለልኳት። የመጀመሪያ ሥራዬ እሷ ናት።

በማግስቱ ሁለተኛው ገጽ ላይ «ልጅዎ በቤት ውስጥ የሥራ ድርሻ ይኑረው» ይላል። የእኔ ድርሻ በየማለዳው ከቦኖ ሁለት ጀሪካን ውሃ ማምጣት ነበር። አፌ ራሱ «ድርሻ አይኑረው» ብሎ አነበበ። እኔም ከአባዬ ጋር ነው የሰማሁት።

አባዬ ከለመዳሪውን በርሜሉ ውስጥ እንደያዘ ቀና አለ። «እንደዛ ይላል?»

«እንደዛ ይላል።»

«የተማረ ሰው ነው የጻፈው» አለና ወደ ውሃው ተመለሰ።

በማግስቱ ማለዳ ስነሳ ጀሪካኖቹ የሉም። አባዬ በሁለቱም እጁ አንጠልጥሏቸው ከቦኖ ይመጣል። እማዬ በር ላይ ቆማ የሻርፗን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጥርሷን አሟት የምታለቅስ መስሎኝ አዘንኩላት፤ ሐኪም ጋ ሂጂ እንዳልላት ራሷ የምትሠራው ጤና ጣቢያ ነው።

ያን ቀን ትምህርት ቤት የሄድኩት እየዘለልኩ ነው። ዓለም ተከፍታልኛለች። ምስጢሩን ለአንድ ሰው ካልነገርኩ እንደምፈነዳ ስላወቅኩ ለጎረቤታችን ልጅ ለሀሴት ነገርኳት። ሀሴት በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፣ ሬዲዮም ታዳምጣለች። ታሪኩን ስጨርስ አልሳቀችም፤ እንደ ዳኛ ዓይኗን ጨፍና አሰበች።

«አወራርህ ግን የልጅ ነው» አለችኝ። «መጽሐፍ እንዲህ አያወራም። መጨረሻ ላይ “በጥናት ተረጋግጧል” በል። “በጥናት ተረጋግጧል” ካልከው ማንም አይከራከርህም፣ ፈሪ።»

እውነቷን ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሳምቡሳ ካላገኘ አጥንቱ እንደማይጠነክር በጥናት ተረጋገጠ። ፀጉሩን በየሁለት ሳምንቱ የሚላጭ ልጅ ሒሳብ እንደሚከብደው በጥናት ተረጋገጠ። ሀሴት በምክትል ደራሲነቷ ከሳምቡሳው ግማሹን ትወስዳለች። አባዬ ሁሉንም ሰምቶ ያደርጋል። አንዳንዴ «እስቲ እሷን ድገምልኝ» ይላል፤ እኔም ስደግማት ትንሽ ትሻሻላለች።

መጽሐፉ ላይ ካለው በትክክል ያነበብኩት አንድ ነገር ቢኖር «ወደ ልጅዎ ክፍል ከመግባትዎ በፊት ያንኳኩ» የሚለውን ነው። የእኔ ክፍል ግን ክፍል አይደለም፣ በመጋረጃ የተከለለ አልጋ ነው። አባዬ ከመጋረጃው ፊት ቆሞ ጣቱን ከፍ አድርጎ ትንሽ አሰበ። ከዚያ በአፉ «ኳ፣ ኳ፣ ኳ» አለ። ግባ አልኩት። ገባ። ግን ለምን እንደመጣ ጠፋውና ደህና እደር ብሎኝ ወጣ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር።

በሰኔ ሳይክል መጣ። «አባት ልጁን ሳይክል ያስተምር፤ ልጁ ሲነዳም ከኋላው ይሩጥ።» መሮጡን የጨመረችው ሀሴት ናት፤ እኔ እንኳ ከብዶኝ ነበር። አባዬ ሳይክል ተከራየልኝና በዘንባባው መንገድ ለቀቀኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሚዛኔን አገኘሁና ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። አባዬ በሥራ ቱታውና በቦቲ ጫማው ከኋላዬ ይሮጣል፤ «ያዝ፣ ፍሬኑን ያዝ» ይላል። መንገደኛው የሰማው ግን «ያዝ»ን ብቻ ነው። መጀመሪያ አንድ ሊስትሮ ተነሳ። ከዚያ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ባጃጃቸውን አቆሙ። ዞር ብዬ ሳይ አባዬን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው እያባረረኝ ነው። ልቤ በደስታ ይሁን በፍርሃት እንጃ፣ ብቻ ፔዳሉን ረገጥኩት። ሐይቁ ዳር ያለው ግንብ ባይኖር እስከ ዛሬም አልቆምም ነበር። ሰዎቹ ደርሰው ሌባው ይሄ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁት አባዬ ጉልበቱን ይዞ እያለከለከ «ልጄ ነው» አለ። «የማባርረው መጽሐፍ አዞኝ ነው።» ሊስትሮው የየትኛው መጽሐፍ ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀው። አባዬ ሊመልስለት ሞከረና ሳቁ አላስችል አለው፤ መንገዱ ላይ ተቀመጠ። የአባቴ ጥርስ ስንት እንደሆነ እስከዚያች ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጀልባው ነው። አባዬ የመጣው ከደጋው ከሀገረ ሰላም በኩል ስለሆነ ውሃ የሚያምነው በበርሜሉ ልክ ብቻ ነው። ሐዋሳ ሃያ ዓመት ሲኖር ሐይቁ ላይ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ መጽሐፉን «አባትና ልጅ በጀልባ ይሂዱ» አስባልኩት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን ጀልባዎቹ ወደሚቆሙበት ወደ አሞራ ገደል ወረድን። አባዬ ኮት ለብሷል። ከኮቱ በላይ ደግሞ ወገቡ ላይ የአይሱዙ ከለመዳሪ፣ ንፋስ የተሞላ፣ አጥልቋል። ጎማ አቅፎ በከተማው መሐል ሲያልፍ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት።

ባለጀልባው ኑሪ ጎማ የሚያስጠግንበት ደንበኛው ነበር። «ጋሽ ኩማ» አለው መቅዘፊያውን እያነሳ፣ «ጀልባዋን እዚሁ እንተዋትና እኛም በእርስዎ ላይ እንሳፈር።»

የአባዬ ከንፈር በሲዳሙ አፎ ይጸልያል። መሐል ላይ ስንደርስ ከቀኛችን ውሃው አበጠና ጉማሬ ሁለት ጆሮና አንድ ትልቅ ትንፋሽ አወጣ። አባዬ ከለመዳሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄም መጽሐፉ ላይ አለ?»

«ጉማሬው የለም» አልኩት።

ኑሪ ከሳቁ የተነሳ መቅዘፊያው ከእጁ ሊያመልጥ ነበር። ጉማሬው ሲሰምጥ አባዬ ትንፋሹን ለቀቀ። ከዚያ ወደ ዳሩ አየና «አልአዛር ዋና ይችል ነበር» አለ። ሳያስፈቅድ ሐይቅ ይገባ የነበረውን ሊወቅሰው ነው ብዬ ቶሎ ወሬ ቀየርኩ። በዚያ ዕድሜዬ የአልአዛር ስም ከአባዬ አፍ ሲወጣ የማስበው ቁጣ ብቻ ነበር።

ምክንያት ነበረኝ። አልአዛር በአሥራ ስድስት ዓመቱ ትምህርት ይብቃኝ፣ የሞያሌ መኪና ረዳት ልሁን አለ። ገና ሲጀምር አባዬ አቋረጠውና ሰው ሁሉ እያየ ጎሚስታው ደጃፍ ላይ በጥፊ መታው። አልአዛርም፣ አባዬ ያን ጊዜ ጎማውን ጠግኖ ሊጨርስ በነበረው መኪና ላይ ተሳፈረ። አባዬ ሊያጠብቀው የቀረው አንድ ብሎን ነበር። አጠበቀው፤ መኪናው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሙን የሚጠራ የለም፤ እኔም አባዬ ጠልቶታል ብዬ ደመደምኩ። ከሞያሌ ለሚመጣ መኪና ሁሉ ሳይጠይቁት ንፋስ ሲለካ፣ ከሾፌሩ ጋርም ራቅ ብሎ ቆሞ ሲያወራ አይ ነበር። ለሩቅ መንገደኛ ደግ ነው ብዬ አለፍኩት። ልጁን በሾፌሮች አፍ እየተከታተለ እንደነበር የገባኝ ራሴ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው።

ሌላም በኋላ የገባኝ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት እማዬ ልብስ እያጠፈች ድንገት ሳቀችና ነገረችኝ። አባዬ መጽሐፉን ያመጣ ዕለት እሷን ቁጭ አድርጎ ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አስነብቧታል። በጆሮው የሚይዝ ሰው የሰማው አይጠፋውም፤ እያንዳንዱን መስመር ያውቀው ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ ምን እንደሚልም ነገረችኝ። «ልጅዎ በየቀኑ እንዲያነብልዎ ያድርጉ። ሲያነብ አያቋርጡት።» እኔ ያችን ገጽ አሰልቺ ስለመሰለችኝ ዘልያታለሁ።

እንግዲህ ሐምሌ ገባ፣ ፊቼም ተቃረበ። ፊቼ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። በዋዜማው ምሽት ቤተሰቡ አንድ ገበታ ዙሪያ ተሰብስቦ ከአንድ ሻፌታ፣ ከትልቁ የሸክላ ገበታ፣ በቅቤ የራሰ ቆጮ ይበላል። የተጣላ ካለ ሳይታረቅ ወደ አዲሱ ዓመት አይሻገርም። ያለፈው ዓመት ሦስት ሆነን በላን። አባዬ አንዴ ጎርሶ ተነሳና ደጅ ወጣ። እማዬ ገበታውን በአልአዛር በኩል ሳይነካ መለሰችው። ዘንድሮም እንደዚያ እንዳይሆን ፈራሁ። አሁን አባዬ ይስቃል፣ ይሮጣል፣ በአፉ ያንኳኳል፤ ይህ ሁሉ በዚያ አንድ ምሽት ተመልሶ እንዲዘጋ አልፈለግኩም። ደግሞም ወንድሜ ናፍቆኛል።

በዚያው ሳምንት ከውጭ ስገባ አባዬና እማዬ በመጋረጃው ጀርባ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ምን ብዬ?» ይላል አባዬ።

«እንደ ሰው፣ ሰላም ብለህ።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ቆይቼ ሰላም ነው የምለው? በሰው ፊት ያዋረድኩት እኔ ነኝ።»

የአጥሩን ቆርቆሮ ወደ እኛ ከገፋው ከጎረቤታችን ከጋሽ በላይነህ ጋር ሊታረቁ መሰለኝ። ባለፈው አንድ ሁለት ቃል ተወራውረው ነበር። ጥሩ ነው አልኩ፣ አባዬ ለቆርቆሮ እንዲህ ከተጨነቀ ለልጁም ይራራ ይሆናል። ወደ ሀሴት ሮጥኩና ያሰብኩትን ነገርኳት፤ አልአዛርን መጽሐፉ ውስጥ ልናስገባው ነው።

ሀሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። ከሳምቡሳ ጋር አንድ አይደለም አለችኝ፤ ቢነቃ ሁሉንም ነገር ይነቃል፣ ከዚያ በኋላ የምታነበውን ማን ያምናል? ለዚያኛው “በጥናት ተረጋግጧል”ም አይሆንም አለች።

«እሱን ራስህ አውጣው» አለችኝ። «የእኔ ወንድም አይደለም።»

ሌሊቱን ቃል ስመርጥ አደርኩ። የዋዜማው ዕለት ከምሳ በኋላ ጎሚስታው ደረስኩ። መኪና የለም፤ አባዬ አንድ የገልባጭ ከለመዳሪ በርሜሉ ውስጥ እያዞረ አረፋ ይጠብቃል። ጎማው ላይ ተቀምጬ መጽሐፉን ከፈትኩ። ፊደሉ ሁሉ ይዘላል።

«ገጽ ሠላሳ ስምንት» አልኩ። «ከቤት ስለወጣ ልጅ።»

የአባዬ እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«ውድ ወላጅ ሆይ፣ ልጅዎ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ቢሄድ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መመርመር አያስፈልግም። ልጁም ስለሚያፍር አይደውልም። አባት ትልቅ ስለሆነ ቀድሞ ይደውላል።» ያዘጋጀሁት እዚህ ላይ አለቀ። አፌ ግን አልቆመም። «ትንሽ ወንድም ካለ፣ አልጋው ይሰፋበታል። ግድግዳው በኩል ይተኛል፣ ግን ያኛው በኩል ባዶ ነው። ዋና የሚያስተምረውም የለም።»

ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። ከበርሜሉ የሚወጣው አረፋ ብቻ ይሰማኛል፤ ቀዳዳው ተገኝቷል፣ አባዬ ግን ምልክት አላደረገበትም።

«ሲደውል ምን ብሎ ይጀምራል?» አለ አባዬ።

«ማን?»

«አባትየው። መጽሐፉ ምን በል ይላል?»

እሱን አላሰብኩበትም ነበር። ገጹን ገለበጥኩ። የጥናት ፕሮግራም አወጣጥ የሚል ሠንጠረዥ ነው ያለው።

«“ሄሎ” በል ይላል።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ከዚያስ?»

«ከዚያ... “በልተሃል?” በል ይላል።»

አባዬ እጁን ከውሃው አወጣና ቱታው ላይ አደረቀ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ። እውነትም ሊደውል ነው፤ አልአዛርም ቢቆጣበት፣ ስልኩንም ቢዘጋበት፣ ያስደወለው የእኔ ውሸት ነው።

«አባ፣ ቆይ» አልኩ። «ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ሳምቡሳውንም እኔ ነኝ። ጀልባውንም።»

«ጀሪካኑንስ?»

«ጀሪካኑንም።»

«መጽሐፉ ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው» አለ። «ቁጥርማ አነባለሁ፤ ጎማ ላይ ያለው ሁሉ ቁጥር ነው።»

ጆሮዬ ጋለ። የምገባበት ጠፋኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«አልአዛርን አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አስጨርሼው አላውቅም» አለ።

ከዚያ ቁጥሩን መታ፤ የትም አልተመለከተም፣ አውራ ጣቱ ራሱ ያውቀዋል። የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ጎማው ላይ፣ በመሐላችን አስቀመጠው። አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። አምስተኛው ላይ ተነሳ፤ የማላውቀው ጎርናና ድምፅ «ሄሎ?» አለ።

አባዬ ወደ ስልኩ ተጠጋ።

«አባ?» አለ ድምፁ፣ አሁን የአልአዛር ሆኖ። «ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም» አለ አባዬ። ትንሽ አሰበና፣ «ሄሎ» አለ።

ከወዲያ በኩል የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ ነፋስም አለ። አባዬ ወደ እኔ አየ። እኔም አየሁት። በከንፈሬ ብቻ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ ነገርኩት።

«በልተሃል?» አለው።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩ ላይ አጎነበስኩ፤ አልተቋረጠም፣ ትንፋሽ አለው። አባዬ ሊናገር ከንፈሩን አንቀሳቀሰና መልሶ ገጠመው። ጠበቀ።

«አልበላሁም» አለ አልአዛር።

«እንግዲያው ና፤ እንጠብቅሃለን» አለው አባዬ፣ ሞያሌ ከመናኸሪያው ማዶ ያለች ይመስል።